ለምን-በላችሁ የማይነገር

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለከተማው ሰው «ምን-በላችሁ» ናት። የጤና ቢሮ ምግብ ተቆጣጣሪ ስለሆነች የሆድ ሕመም የገባበት ቤት ሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ ገና ከበሩ ሳታልፍ፣ እንደምን ዋላችሁ ሳትል፣ «ምን በላችሁ?» ትላለች። ስሙን ያወጣላት አንድ ሥጋ ሻጭ ነው ይባላል። ሥጋ ሻጩን ስጠይቀው እኔ አይደለሁም ብሎ ማለ፤ ሲምል ግን ግራ ቀኙን ያይ ስለነበር አላመንኩትም።

እኔም ሰው ቶሎ አላምንም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በየሰፈሩ እየዞርኩ ከቧንቧ ውሃ እቀዳለሁ፣ አስመረምራለሁ፣ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ መስመር ካገኘሁ እቆርጣለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው የገዛ ወንድሙን እንኳ በጎሪጥ ማየት ይጀምራል። ከዋናው መስመር በስውር የጠለፈው ሰውዬ ቱቦው ላይ በርሜል አስቀምጦ «ይሄ በርሜል ድሮም እዚሁ ነው» ይለኛል። ቆጣሪውን ወደ ኋላ ያዞረው «ልጆች ነክተውት ይሆናል» ይላል፤ ልጆች ግን የሉትም። እንዲህ እየሰማሁ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ከምን-በላችሁ ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን። መሥሪያ ቤቶቻችን በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የእነሱ ሕንፃ ከፊት፣ የእኛ ከኋላ። ስንጣላ እንኳ አንቱ ነበር የምንባባለው። «እርስዎ መጀመሪያ ውሃዎን ያጣሩ» ትለኛለች በሩ ላይ ስንገናኝ። «እርስዎ ደግሞ ምግብ ቤቶችዎን ያጽዱ» እላታለሁ። ዘበኛው ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያየን ወሬ እንዳያመልጠው ሬዲዮኑን ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን አልክዳትም፤ ሥራዋን ታውቃለች። ምግብ ቤት ስትገባ በኋላ በር ነው፤ የፊቱ በር ለደንበኛ የተወለወለ ነው ትላለች። ቦርሳዋ ውስጥ ቴርሞሜትር፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና ትናንሽ ብልቃጦች አሉ። ማቀዝቀዣ አስከፍታ ውስጡን ከማየቷ በፊት ጀርባውን በጣቷ ትዳስሳለች። ሰርግ ስትጠራ ደጋሾቹ ለእሷ በሌላ ድስት ለብቻ ያበስሉላታል፤ እንዳትነግሩብኝ እንጂ አንዱን ሙሽራ እኔ ራሴ ነኝ የመከርኩት። በከተማው ውስጥ እንደ እሷ ንጹሕ ምግብ የበላ የለም። ንጹሕ ስላልሆነው ግን የሚነግራት አልነበረም። ባሏ አስተማሪ ነው፣ ሳቂታ ሰውዬ። «የሰው ሚስት ከማን ጋር በላህ ብላ ትቆጣለች፤ የእኔዋ ሲቀርብልህ ይጨስ ነበር ወይ ትላለች» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል።

ነገሩ ግን ከልጅነቷ የመጣ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ተማሪ ነበረች፤ ታናሽ እህቷ ደግሞ ጡት ከተወች ብዙም አልቆየችም። አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ታላቂቱ እናት ሆነች። ጎረቤት እያዘነላቸው ምግብ ያመጣል፤ አንዳንዱ ትኩስ፣ አንዳንዱ ያደረ። አንድ ጊዜ ታናሿ ከመጣላቸው ሾርባ ጠጥታ ሞት አፋፍ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ታላቂቱ የመጣውን ሁሉ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ሆዷን ይዛ ትጠብቃለች፤ እሷን ካላመማት ነው ለእህቷ የምትሰጠው። ጎረቤቶቹ ይህን ሲያዩ ተቀየሙ። «መርዝ ያመጣንላት መሰላት እንዴ» አሉና ምግቡ ቀረ። ይህን የነገረችኝ ታናሽ እህቷ ናት፤ እሷማ ስለ ራሷ ምን አውርታ።

አሁን ወደዚያ ወደ ክፉው ወቅት ልግባ። በጋ ነበር፤ ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጥ ነበር። ልጆች መታመም ጀመሩ። ተራ ተቅማጥ መስሎን ነበር፤ ኋላ ላይ ደም ያለበት መሆኑ ተሰማ፤ ከዚያ አንዳንዶቹ ሽንታቸው ተቋርጦ ሆስፒታል ገቡ። አንድ ሰፈር ቢሆን ኖሮ መነሻው በቀላሉ በተገኘ ነበር። ከላይኛው ሰፈርም፣ ከታችኛውም፣ ከገበያው ጀርባም ነው። ትምህርት ቤታቸው የተለያየ፣ ቧንቧቸው የተለያየ።

ሦስት መሥሪያ ቤቶች ተነሥተን ወጣን። አብረን አልወጣንም፤ ማን ከማን ጋር ይወጣል? ጠዋት እኔ እሄዳለሁ፣ ቀትር ላይ ምን-በላችሁ ትመጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእንስሳት ጤና ቢሮ አንድ ወፍራም የእንስሳት ሐኪም ይመጣል። ቤተሰቡ የታመመ ልጁን ትቶ እኛን ሲያስተናግድ ይውላል። አንዲት እናት በር ላይ ስታየኝ «እናንተ ሰዎች በተራ ነው የምትገቡት?» አለችኝ።

ለእኔ ሁሉም አንድ ነገር ነበር የነገሩኝ። «ውሃውስ ደህና ነው ጋሼ፣ እንደ ብርጭቆ ነው። ምግቡ ነው እንጂ። ልጆች ከመንገድ የማይገዙት ነገር አለ?» ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ውሃዬ ነፃ ወጣ። ናሙናዬን የጤና ቢሮው ላቦራቶሪ እዚያው ግቢያችን ውስጥ እያለ ሌላ ከተማ ድረስ ልኬ ነበር የማስመረምረው፤ ምን-በላችሁ ብልቃጤ ውስጥ ምን እንደምትጨምርበት በምን አውቃለሁ? እዚያም ንጹሕ ነው አሉኝ።

ከዚያ ምክትል ከንቲባው ስብሰባ ጠራን። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሦስታችን በሦስት ማዕዘን ተቀመጥን። እኔ ተነሥቼ «ምግብ ነው» አልኩ። ምን-በላችሁ ተነሥታ «ውሃ ነው» አለች። የእንስሳት ሐኪሙ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ «ምግብም ውሃም ነው፤ ላሞቹ ግን ደህና ናቸው» አለ።

«እርስዎ ይህን ከየት አመጡት?» አልኳት።

«ከታማሚዎቹ አፍ። በየቤቱ ጠይቄ ነው። ውሃው ይሸታል አሉኝ።»

«እኔም በየቤቱ ጠይቄአለሁ፤ እነዚያኑ ሰዎች። ውሃው ደህና ነው አሉኝ።»

«እርስዎ ጠዋት ነው የሚሄዱት» አለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል። «ቀድመው ገብተው ምን እንዲናገሩ እንደሚመክሯቸው እኔ አላውቅም።»

ደሜ ፈላ። እኔ ሰውን ውሸት የማስጠና ሰው ነኝ? እኔ ደግሞ በልቤ እሷ ናት የምታስጠናቸው እል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እናቶቹን «የውሃው ሰውዬ ምን ተናገሩ አላችሁ?» እያለች ትጠይቅ እንደነበር ሰማሁ፤ እኔም «ተቆጣጣሪዋ ምን ብላ ነገረቻችሁ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ሐኪሙ ናሙናዎቹን ካዝና ውስጥ ቆልፎባቸው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ምክትል ከንቲባው ሦስታችንንም አየና «ሦስታችሁም ልክ ልትሆኑ አትችሉም» ብሎ ስብሰባውን በተነ። ልጆቹ መታመማቸውን አላቆሙም።

ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል ሄድኩ፤ የገቡትን ልጆች ወላጆች ስለ ውሃው ልጠይቅ። የሕፃናቱ ክፍል ኮሪደር ላይ ምን-በላችሁን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቆማ እንጂ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ምነው፣ ደህና ነዎት?» አልኳት።

«ሚጡ ናት» አለች። «የእህቴ ልጅ።»

ቦርሳዋን አንሥቼ ከጎኗ አስቀመጥኩላት። በዚህ መሃል ሐኪሟ ከክፍሉ ወጣች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ወጣት ሴት። ቀጥታ ወደ ምን-በላችሁ መጣች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ይርዱኝ። ልጅቷ ያልፈላ ወተት ወይም ያልበሰለ ሥጋ ነክታ ከሆነ ማወቅ አለብኝ። ከሆነ የምጠረጥረው ጀርም አለ፤ የጀመርንላትን መድኃኒት አቁሜ ኩላሊቷን ነው የምከታተለው፣ መድኃኒቱ ሊያብስባት ይችላል። ካልሆነ ደግሞ መድኃኒቱን ባቆም እሷን መጉዳቴ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም። እናትየዋን ስጠይቃት የተለየ ነገር አልበላችም ትለኛለች።»

ምን-በላችሁ ተነሥታ ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ምን በላች?»

«ቤት ያለውን ነዋ፣ እትዬ። ሁሌ የምትበላውን።»

«ወተት?»

«አፍልቼ ነው የምሰጣት። አንቺ እኮ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«ከውጭስ?»

«ምንም። ውሃው ይሆናል እኮ፤ ሰሞኑን ይሸታል።»

እዚህ ላይ ነው ክው ያልኩት። እህቷ ከምትኖርበት ሰፈር ከቧንቧቸው የቀዳሁት በዚያው ሰሞን ነው፤ እሷ ራሷ ናት በሩን የከፈተችልኝ። «ውሃውማ ይጣፍጣል ጋሼ» ብላኝ ነበር። ጭንቅላቴን በበሩ ብቅ ሳደርግ አየችኝና አፏን ዘጋች።

ምን-በላችሁ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ትዋሸኛለች» አለች። ለእኔ መናገሯ ይሁን ለራሷ አልገባኝም። «እንዲህ ቶሎ ቶሎ የምትመልሰው ስትዋሽ ነው። ልጅ ሆናም እንዲሁ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰዎቹ ስለ ውሃው ምን ይሉዎታል? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ደህና ነው ይላሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ምግቡ ነው ይሉኛል።»

«ለእኔ ሁሉም ውሃው ነው ይሉኛል።» አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች በመሃላችን አለፈች። «ማናችንም አላስጠናናቸውም» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ቧንቧ ይቆርጣሉ፤ እኔ ኩሽና አሽጋለሁ። ቧንቧ ለሚቆርጥ ሰው ስለ ቧንቧው ማን ያወራለታል? ከእኔ የሚደብቁትን ለእርስዎ ይነግራሉ፤ ከእርስዎ የሚደብቁትን ለእኔ። የእንስሳት ሐኪሙም ጋ ላሞቹ ደህና የሚሆኑት ለዚህ ነው።»

ዘዴ እየጠነሰሰችብኝ እንደሆነ ጠረጠርኩ፤ ያን ሰዓትም ሳይቀር። የማስበው ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

«ግባና ጠይቃት» አለችኝ። አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ስለ ውሃው?»

«ስለ ምግቡ። ስለ ውሃው እንዳትተነፍስ። እኔ ግቢው ውስጥ እቆማለሁ፤ በመስኮቱ እንድታየኝ። እዚያ ታች መሆኔን ካላየች አትናገርም።»

ገባሁ። ሚጡ እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። ከወንበሩ ላይ ጃኬት አንሥቼ ተቀመጥኩ። እህትየዋ መልኳ የታላቋ ነው፣ ግን ለስለስ ያለ፤ የታላቋ ፊት ላይ ያለው ቁጣ የለባትም። መስኮቱን አየች። ምን-በላችሁ ታች ግቢው ውስጥ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች።

«ውሃችሁን መርምረነዋል፣ ንጹሕ ነው» አልኳት። «ስለ እሱ አልመጣሁም። እኔም ልጆች አሉኝ። ሚጡ ምን ትወዳለች?»

ምን በላች ብዬ ብጠይቃት ኖሮ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። ይህን ግን አላሰበችውም።

«አይስክሬም» አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወረደ።

«ከየት ነው የምትገዛው?»

«አትገዛም። እኔ ነኝ የምሠራው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤት ውስጥ፣ ጋሼ። በትንንሽ ኩባያ እየሞላሁ ለየሱቁ አከፋፍላለሁ። ባለሱቆቹ ከየት እንደሚያመጡት አይናገሩም፣ ተማምለን ነው። ወተቱን አላፈላውም። ሲፈላ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ልጆቹ አይወዱትም። ደግሞ ይረጋል እኮ፣ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ውስጥ ምን ይኖራል ብዬ።»

«እህትሽ አታውቅም?»

«በምን ታውቃለች? በዚህች ከተማ ፈትሻ የማታውቀው ኩሽና የእኔን ብቻ ነው።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ማቀዝቀዣው መኝታ ቤት ነው ያለው፣ በመጋረጃ ሸፍኜዋለሁ። እሷ ስትመጣ የልብስ ማስቀመጫ ነው እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አላየችም። እሷ ለእኔ እናቴ ናት፣ ጋሼ። የሰው ሱቅ ስታሽግ የምታሳየውን ፊት ለእኔ ስታሳየኝ ማየት አልችልም። እባክዎን፣ ለሐኪሟ ይንገሩልኝ፤ ለእሷ ግን አይንገሩብኝ።»

እሺም እምቢም አላልኳትም። ወጥቼ ለሐኪሟ ነገርኳት። ሐኪሟ ሳታስጨርሰኝ ወደ ሚጡ አልጋ ሮጠች፣ አንዱን ጠርሙስ አስነቅላ ሌላ አስተካከለች፣ ሽንቷ እንዲለካ አዘዘች። እኔ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጥኩ ወረድኩ።

«ወተት ነው?» አለችኝ ምን-በላችሁ፣ ሳልደርስባት።

«አይስክሬም ነው። ካልፈላ ወተት የተሠራ።»

«ከማን ሱቅ ነው የገዛችላት?»

ፊቴን ወደ ደረጃው መለስኩ።

«የማን ሱቅ ነው አልኩህ እኮ። እንዳትሸሽግልኝ። ባለሱቁ ዘመድህ ነው?»

«አልገዛችላትም» አልኩ።

ቀና ብላ መስኮቱን አየች። እህቷ መስታወቱ ጋ ቆማ ነበር፤ ስትታይ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ምን-በላችሁ ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ። «መጋረጃው» አለች።

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት፣ ለየሱቁ ማከፋፈሏን ጭምር፤ አሳዘነችኝ። በሥራ ዘመኔ ለማንም ያላልኩትን ነገር አልኩ። «ሐኪሟ አውቃለች፤ ልጅቷ እየታከመች ነው። የቀረውን ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። እህትሽ ዛሬውኑ ትተወዋለች፣ የሚያውቅም የለም።»

«በየሱቁ ያለውስ?»

ሰዓቴን አየሁ።

«ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ነው» አለች። ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች፤ እኔ ደወልኩላት። አለቃዋን አገኘችው፤ የእንስሳት ሐኪሙንም አስጠራችው። ልጆች የታመሙባቸውን ሰፈሮች ሱቆች ሁሉ ተናገረች፣ የሚሠራበትን ቤት አድራሻ ተናገረች። «የአባቴ ቤት ነው። እህቴ ናት የምትኖርበት» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «እኔ ቤቱን መንካት የለብኝም፤ የውሃ ቢሮውና የእንስሳት ሐኪሙ ይግቡበት። እኔ ሱቆቹን እይዛለሁ።» ስልኩን ስትዘጋ እህቷ ከኋላችን ቆማ ነበር። ደረጃውን መቼ እንደወረደች አላየሁም።

«እትዬ» አለች። «እኔን?»

ምን-በላችሁ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደች። ታናሿ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ልጇ ተመለሰች። ያ አስተያየቷ እስካሁን አለቀቀኝም።

የዚያን ቀን ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መኪና ሄድን። መኪናው ውስጥ እሱ ቁልፉን በሸሚዙ ላይ አፍኖ ይዞ፣ እኔ ብልቃጦቼን እግሬ መሃል አድርጌ ነበር። ቤቱ ጽዱ ነው፤ ከእኔ ቤት ይጸዳል። መጋረጃውን ገለጥን። ከዚያ የወተቱን መንገድ ተከትለን ከከተማው ዳር አንድ በረት ደረስን። የበረቱ ባለቤት ለሐኪሙ «ላሞቼ ደህና ናቸው» አለው። ሐኪሙ አፉን ሊከፍት ሲል ጎሸም አደረግኩትና እኔ ጠየቅኩ፤ ስለ ላሞቹ። ሰውዬው «እናንተ ውሃ ቢሮዎች ምን አገባችሁ» ብሎ ሳቀና ሁለቱ ጥጆች ተቅማጥ እንደያዛቸው ነገረኝ። ሐኪሙ ደግሞ ስለ ጉድጓዱ ጠየቀው፤ የወተቱ ጣሳ የሚታጠበው ከዚያ እንደሆነና በረቱ በታጠበ ጊዜ ፍጉ ወደዚያ እንደሚወርድ ነገረው። ላሙም፣ ውሃውም፣ ምግቡም አንድ ላይ ነበሩ። ሦስታችንም ልክ ነበርን፤ ሦስታችንም ግን ጣት ስንቀሳሰር ነበር የከረምነው።

ናሙናው ሁሉ በአንድ ላቦራቶሪ ተመረመረ፤ ያው ግቢያችን ውስጥ ያለው። ከዚያ ወዲህ ስንወጣ አብረን ነው፤ እኔ ስለ ምግብ እጠይቃለሁ፣ ሐኪሙ ስለ ውሃ፣ የጤና ቢሮዎቹ ስለ ከብት። አለቆቻችን ረጅም ስም አወጡለት፤ በየስብሰባው ሲያወሩት ራሳቸው የፈጠሩት ነው የሚመስለው። ሰውም ውሎ አድሮ ይነቃብናል፤ ያኔ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነው።

ሱቆቹ ከተጸዱ በኋላ አዲስ የሚታመም እየቀነሰ ሄደ። ሚጡም ኩላሊቷ ተርፎላት ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች። እናቷ ግን ለእህቷ ቃል አልተነፈሰችላትም። ምን-በላችሁ በየቀኑ ትመጣለች፣ የሚጡን እግር ታሻለች፣ ትሄዳለች። ታናሿ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በዚያው ክፍል ሌሎች እናቶች ነበሩ። ከተማው አይስክሬም እንደሆነ በሬዲዮ ሰምቷል፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አልተነገረም። ስለዚህ ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥር ነበር። ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ፣ ላም ያለው ሁሉ፣ በቅርብ አዲስ ልብስ የለበሰ ሁሉ። እነዚህ እናቶች አልጋ ለአልጋ ተቀምጠው ስም እየጠሩ ያማሉ፤ የሚጡ እናት በመሃላቸው ተቀምጣ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። አንዷ፣ ልጇ በሚቀጥለው ክፍል የኩላሊት ማሽን ላይ የተኛባት ሴት፣ ከሁሉም የምትወዳት እሷን ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ነበር የምታለቅሰው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምን-በላችሁ ስትገባ እኔም ሚጡን ልጠይቅ ደርሼ በሩ ላይ ነበርኩ። ያቺ ሴት ተነሥታ መንገዷን ዘጋችባት።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት። «ልጄ ማሽን ላይ ነው ያለው። የማን ቤት ነው?»

ሕግ አይፈቅድልኝም ብትል ይበቃ ነበር፤ እውነትም አይፈቅድም። የሚጡ እናት የሻይ ፔርሙሱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ምን-በላችሁ እህቷን አላየቻትም።

«የእኔ ቤት ነው» አለች።

«የማን?»

«የእኔ። ካርታው በእኔ ስም ነው። ከአባቴ የወረስኩት።»

ሴትየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «አንቺ?» አለች። «በየቤታችን እየገባሽ፣ የድስታችንን ክዳን እየከፈትሽ፣ አንቺ ነሽ ልጄን ለዚህ ያበቃሽብኝ?» ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። አንዷ ምን-በላችሁ ትናንት ያመጣችውን ብርቱካን ከሚጡ ራስጌ አንሥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ምን-በላችሁ እጇን አጣምራ ቆመች፤ የሚመጣውን ሁሉ ልትቀበል ተዘጋጅታ ነበር።

የሚጡ እናት ፔርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ቤቱ ነው የእሷ» አለች። ለሴትየዋ አልነበረም የምትናገረው፤ ዓይኗ እህቷ ላይ ነው። «አይስክሬሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ወተቱን ያላፈላሁት እኔ ነኝ። ከአንቺ የደበቅኩትም እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አታውቂም ነበር።»

ምን-በላችሁ ፊቷ ሊጠቁር ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሱቅ ስታሽግ የማውቀው ያ ፊት አልመጣም። ከንፈሯን ነክሳ አለቀሰች፤ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ሄዳ ከእህቷ ጎን ቆመች። ታናሿ ወደ ኋላ አላለችም።

ያቺ ሴት ሁለቱን አየቻቸው። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ልጇ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ሚጡ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ሁለቱ እህትማማቾች በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ከዚያ በር ፊት ለፊት አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጁ ዛሬ እንዴት አደረ ብለው ነርሷን ይጠይቃሉ። ሴትየዋ ስትወጣ ስትገባ ታያቸዋለች። አላናገረቻቸውም፣ ግን ከፊቴ አንሡልኝም አላለችም።